አባቴ የቆመበት የሚኒያፖሊስ አዳራሽ

ሚኒያፖሊስ የሚባለውን ከተማ አብዛኞቻችሁ አታዩትም፤ ብዙም አልቀረባችሁም። እኔ ሄጄ ተመልሻለሁ። መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ የት እንዳደርኩ፣ ምን እንደበላሁ፣ የሄድኩበትም ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ ቀን በቀን እነግራችኋለሁ። ደስ የሚል ወሬ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሌላ መንገደኛ ፈልጉ።

ጉዳዩን ላስቀድም። በእኛ በኮንሶ ነብር ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ሲሞት ምስሉ ከጥድ ተቀርጾ በእርሻው ዳር ካለው መቃብሩ ላይ ይቆምለታል፤ ዋካ ይባላል። የሚስቶቹ ምስሎች በግራና በቀኙ ይቆማሉ፣ የገደለው አውሬ ከእግሩ ሥር ይተኛል። አይሰገድለትም። መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ «ይሄ እገሌ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገው» ይላል፤ የዋካ ሥራ ይኸው ነው። ዝናብና ምስጥ እስኪጨርሱት ድረስ የሟቹን ስም ያስጠራል።

አባቴ ኦርካይዶ ኩሲያ በረታችንን የለመደ ነብር በጦር ገድሏል። የሞተው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነው። ምስሉን የቀረጸው የመንደራችን ሰው ገለቦ ነበር። የአባቴ አንድ የፊት ጥርሱ ወልቆ ስለነበር ገለቦ ጥርሶቹን ከፍየል አጥንት ሲደረድር የዚያችን ቦታ ክፍት ተወለት። እናቴ ይህን ስታይ በለቅሶዋ መሃል ሳቀች ይባላል። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አንድ ጠዋት ሰው ሲነሳ አባቴ የለም፤ ሌቦች ነቅለው ወስደውታል። ሁለቱን ሚስቶቹን ግን ትተዋቸዋል፤ መኪናው ሞልቶባቸው ይሆናል። እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች፤ የእንጨት ምስሏም ከባዶው ጉድጓድ አጠገብ እንደቆመ ነው።

ዘንድሮ ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዮሐንስ በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። የሚሠራው በአዛውንቶች መጦሪያ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ለሽርሽር ሙዚየም ወስዷቸው ኖሯል። ሙዚየሙ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የቀብር ምሰሶዎችን ያሳያል፤ ለንጽጽር ተብሎ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ የመቃብር እንጨቶች በጎን ቆመዋል። ከእነዚያ አንዱ ጥርሱ ጎዶሎ ነው። ዮሐንስ ከፎቶው ሥር «እትዬ፣ ይሄ አጎቴ አይደሉም ወይ?» ብሎ ጽፎ ነበር።

ለሙዚየሙ ጻፍኩ። ፈጥነው መለሱልኝ፤ መልሱም በጣም ጨዋ ነበር። ምስሉ የአንድ ግለሰብ ንብረት ነው፣ እነሱም በውሰት ነው ያመጡት፣ መመለሱ ከእጃቸው ውጪ ነው። ነገር ግን ኤግዚቢሽኑ ሊዘጋ ሲል በሚደረገው የቅዳሜ ውይይት ላይ እንድናገር ጋበዙኝ፤ ትኬቱንም ቻሉ። ለእናቴ ነገርኳት። ብዙ አላሰበችም። «መመለሱ ካቃታችሁ ይቅር። ስሙን ግን ይጻፉለት። ሰው መሃል ቆሞ ማንም ሳያውቀው እንዴት ይሆናል?» አለችኝ። ባሕር ተሻግሬ ልጠይቅ የሄድኩት ይህንኑ ነው።

ሐሙስ። ከከተማችን ከካራት የተነሳሁት በገበያ ቀን ነው፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ፍየሎች፣ ውስጡ የማሽላ ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ እኔ። እናቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝና ሁለት ነገር ሰጠችኝ፤ ለዮሐንስ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል፣ ለእኔ ደግሞ ከራሷ የእንጨት ምስል ግርጌ የወጣች ጣት የምታህል ስንጥር። የእሷና የአባቴ ምስሎች የተጠረቡት ከአንድ ጥድ ነው። «ካላመኑሽ አስተያይተው ይዩት» አለች። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ አያቶቻችን በድንጋይ የካቡትን እርከን ከዓይኔ እስኪሰወር ዞሬ ዞሬ አየሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርገኛል፤ አርባ ምንጭ ለስብሰባ ስሄድ እንኳ።

ዓርብን አዲስ አበባ በአንድ ፔንሲዮን ውዬ ማታ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ወይዘሮ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ግማሽ ዓለም ተሻገረች። ልቀሰቅሳት አልቻልኩም፤ ስታንኮራፋ እንኳ ደክሟት እንደኖረች ያስታውቅ ነበር።

ቅዳሜ። አሜሪካ መጀመሪያ ባረፍንበት ከተማ የፍተሻ መኮንን ሻንጣዬን አስከፈተኝ። የሽፈራውን ከረጢት አንስቶ ሲያሸት ክው አልኩ። «ሻይ ነው?» አለኝ። ሻይ ነው አልኩት፤ ከረጢቱን መለሰልኝ። ስንጥሯን ሲያገኝ ግን ፊቱ ተለወጠ። ያልታከመ እንጨት ወደ አገራቸው አይገባም፤ ነፍሳት ይኖሩበታል። ሰው የሚያህል የእኛ እንጨት አገራቸው ገብቶ እንደቆመ ልነግረው አሰብኩና ምላሴን ነከስኩ። ስንጥሯን በጓንት ይዞ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣላት። ሌቦቹ ይህን ሰውዬ በየት በኩል እንዳለፉት እስካሁን ይገርመኛል።

ሚኒያፖሊስ ስደርስ ዮሐንስና ባለቤቱ ሰላማዊት ካፖርትና ቡትስ ይዘው ቆመው ነበር። ሰላማዊት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከዚያ በፊት አይታኝ አታውቅም። «እትዬ አስቴር፣ እንኳን ደህና መጡ። ዚፑን እስከ ላይ ይዝጉት፣ ውጭ ማይነስ ነው» እያለች እንደ ሕፃን አለበሰችኝ። ቡትሱ የራሷ ነበር፤ እሷ በስኒከር ነው የመጣችው።

ቤታቸው ሮዝቪል ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ድንጋይ የሚካብበት ቁልቁለት የለም፣ ብቻ አሮጌ በረዶ በየጥጉ ተቆልሎ ጠቁሯል። ከአፓርታማቸው ፊት ያለው የመኪና ማቆሚያ የካራትን ገበያ ሁለት ጊዜ ይውጣል፤ ሰው ግን አንድም አይታይበትም። ዮሐንስ እናቴ የላከችለትን ሽፈራው እንዳየ ወደ ኩሽና ገባ። በበቆሎ ዱቄት ኩርኩፋ፣ ያንን የአገራችንን ድቡልቡል ቅቅል፣ ሊሠራልኝ ነው። እጁ ረስቶታል፤ ድቡልቡሎቹ ድስቱ ውስጥ ፈርሰው ገንፎ ሆኑ። ጠርጌ በላሁት። ልጃቸው ሩት ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ ነገር ግን ማንም ሳያዛት አልጋዋን ለቃልኝ ሶፋ ላይ ተኛች።

እሑድ። ወደ አማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድን። እኔም ወንጌል አማኝ ነኝ፤ ዝማሬው ደስ አለኝ፣ ከእኛም ይልቅ ያጨበጭባሉ። ችግሩ የመጣው ከአገልግሎቱ በኋላ፣ ሻይና ሳምቡሳ ስንበላ ነው። ወንድም ታምራት የሚባሉ ሽማግሌ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እህት አስቴር፣ ጌታ ይባርክሽ። ለጣዖት ብለሽ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው የሚሉኝ እውነት ነው?»

«ለአባቴ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ያው እንጨት አይደለም እንዴ?»

«እንጨት ነው። አባቴን ቢያውቁት ኖሮ ማንም እንደማያመልከው ይገባዎት ነበር። ከግማሽ መንደር ጋር ተጣልቶ ነው የሞተው።»

ሳቁ፤ ከልባቸው ግን አልነበረም። «እንጸልይልሻለን» ብለው ተነሱ። ዮሐንስ አጠገባችን ሆኖ ሻዩን ያማስል ነበር፤ ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል። መኪና ውስጥ ስንገባ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አባዬ ጌታን ተቀብሎ የአያቴን ዋካ ሲያቃጥል ክብሪቱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ደስ ብሎኛል። ያንን ፎቶ ሳነሳ ግን ያ ክብሪት ነው የታወሰኝ። ሙዚየሙ ድረስ ራይድ እሰጥሻለሁ፣ ፓርክ አድርጌ እጠብቅሻለሁ። ውስጥ ግን ሁለተኛ አልገባም፤ እንዳትቀየሚኝ።»

አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የወደድኩት።

ሰኞ። ዮሐንስ ከሥራ ዴይ ኦፍ ጠይቆ ወሰደኝ፤ ሙዚየሙ ተዘግቷል። ሰኞ ሰኞ አይከፍትም ኖሯል። በእኛ አገር ከሐሙሱም ይልቅ ሰኞ ዋናው ገበያ ነው፤ ሰኞ ዘግቶ የሚውል ሰው ታሟል ማለት ነው። ዮሐንስ አፍሮ ካሳ ይሁን ብሎ ፍሮግታውን የሚባል ሠፈር ወሰደኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ከአንድ የቬትናም ሾርባ ቤት ገባን። ጎድጓዳ ሳህኑ መታጠቢያ ነው የሚያህለው። ባለቤቲቱ በሹካ ስታገል አይታ መጥታ በማንኪያና በሁለቱ የመብያ እንጨቶች እንዴት እንደሚበላ አሳየችኝ፤ የኔን ቋንቋ አታውቅም፣ የሷን አላውቅም፣ እንግሊዝኛውን ሁለታችንም ተውነው። ከጉዞዬ ያለ ሐዘን የማስታውሳት ሰዓት እሷ ናት።

ማክሰኞ። ገባሁ።

አዳራሹ ረጅም ነው። ምሰሶዎቹ ነጭ አሸዋ ላይ እንደ ሰው ተራርቀው ቆመዋል፤ አንዳንዱ ከእኔ ያጥራል፣ አንዳንዱ ጣሪያ ሊነካ ነው። እንጨቱን አወቅሁት፤ ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ለማገዶና ለቤት የምንቆርጠው ዛፍ በገዛ አገሩ እንዲህ ይከበራል። ምስጥ ውስጡን የበላውን ግንድ መርጠው ይቆርጡና ላዩን በነጭ፣ በቀይና በጥቁር አፈር ይሥሉታል፤ መስመሮቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ፣ አሣውም ውሃውም አዞውም በእነዚያ መስመሮች ይወጣል። በድሮው ሥርዓት የሟች አጥንት ሥጋው ካለቀ በኋላ ታጥቦ፣ በቀይ አፈር ተቀብቶ በዚህ ባዶ ግንድ ውስጥ ይገባል፤ ግንዱ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ራሱ እስኪወድቅ ማንም አይነካውም። የአሁኖቹ ግን ለዕይታ የተሠሩ ናቸው፤ አጥንት የለባቸውም። በእያንዳንዱ ሥር የሠሪው ስም በትልቁ ተጽፏል።

አባቴ ያለው በጎን ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ከጣሪያ መብራት ወርዶበታል። እግሩ መሬት አይነካም፤ ከኋላው የብረት ዘንግ ይዞታል። ነብሩ የለም። ጥርሱ ግን ያው ነው። አለቀስኩ፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ፊደል ቆጣሪ አለቀስኩ። ጎብኚዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ቀስ ብለው ወጡልኝ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «የጀግና መታሰቢያ። ኮንሶ፣ ኢትዮጵያ። ሠሪው ያልታወቀ። ጥድና አጥንት። ከግል ስብስብ» ይላል።

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ማርጋሬት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት። እስክረጋጋ ጠብቃ ውሃ አመጣችልኝ። ስሙ እንዲጻፍ እንደምፈልግ ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ይህን አዳራሽ ያዘጋጀነው ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ጋር ተመካክረን ነው» አለችኝ። «በእነሱ ዘንድ የሟች ስም አይጠራም፤ ቤተሰብን ያስከፋል። ስለዚህ እዚህ የማንንም ሟች ስም ላለመጻፍ ደንብ አወጣን። ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው።»

«በእኛ ዘንድ ግን ተቃራኒው ነው። ስሙ ካልተጠራ ነው ቤተሰብ የሚከፋው። ይህ እንጨት የተተከለው ስም ሊያስጠራ ነው።»

«በጣም ኢንተረስቲንግ ነው» አለች፤ ይማርካል ማለቷ መሰለኝ። «ለኮሚቴው አቀርባለሁ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ዮሐንስ መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ ይጠብቀኛል። የተባልኩትን ስነግረው መሪውን ይዞ ተነፈሰ።

«እትዬ፣ እዚህ አገር ኢንተረስቲንግ ካሉሽ ኖ ማለት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ኖ አይልሽም፤ ያፍራሉ።»

በእኛ መንደር ሰው እምቢ ሲልህ አጥር ዘሎ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሚልህ። ያኔ ምነው ማርጋሬትም እንደዚያ ባለችኝ አልኩ።

ረቡዕ። ወድቄ ዋልኩ። ጠዋት ከደጃፍ ስወጣ በረዶው አንሸራቶኝ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ስማቸውን የማላውቀው ነጭ ሽማግሌ ጎረቤት በፒጃማ ሮጠው መጥተው አነሱኝ፤ ገብተው አካፋና ጨው ይዘው ተመለሱ፤ የወደቅሁባትን ብቻ ሳይሆን እስከ መኪናው ያለውን ሁሉ ጠርገው ጨው በተኑበት። ሰላማዊት ብሉሚንግተን ከተማ ባለ ሆቴል ነው የምትሠራው፤ ሺፍቷ ሊደርስባት እየሮጠች ወገቤን ቅባት አሸችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ስለዚያ ከተማ አንድ በጎ ቃል አልጽፍም ነበር።

ሐሙስ። እያነከስኩ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩ። አሸዋው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ሁለት ካፖርት የደረበ፣ ጺሙ የነጣ ጥቁር ሰውዬ ተቀምጧል። ሌስሊ ይባላል፤ ከምሰሶዎቹ ጥቂቱን የሠራው እሱ ነው፤ ለቅዳሜው ውይይት ከአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ ድረስ አምጥተውታል። ብርዱን ረገምንና ተግባባን። አባቴን አሳየሁት። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ውስጡ ሰው አለ?» አለኝ።

«ከሥሩ ነበር። አሁን ከሥሩ ብረት ነው ያለው።»

«የእኔዎቹም ባዶ ናቸው» አለ። «ባዶ አድርጌ ነው የሠራኋቸው፤ እንዲያዩአቸው። አጥንቱ ተራግፎ ግንዱ የተወሰደበት አጎት ግን አለኝ። የት አገር መጋዘን እንዳለ አላውቅም።»

የስሙን ነገር ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«እኛ ጋ ስሙን ለጊዜው ነው የማንጠራው፤ ቤተሰቡ እስኪፈቅድ። ይህንንም የነገርኳቸው ስለ እኛ ነው። ስለ አባትሽ ማን ጠየቀኝ?»

ተነስቶ ማርጋሬት ቢሮ ድረስ አብሮኝ ሄደ። ቆሞ ነው የተናገረው፤ «የእኔን ሕግ በዚህች ሴት አባት ላይ አትጫኑ። የአባቷን ስም ጻፉላት» አላት። ማርጋሬት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አመሰገነችን፤ ብዕር አንስታ ስሙን ጠይቃኝ ጻፈች። ኦርካይዶ ኩሲያ፣ ነብር የገደለ። የቀረጸው ገለቦ እንደሆነም ነገርኳት፤ እሱንም ጻፈች። ከቢሮዋ ስንወጣ ሌስሊ «ስሚኝ፣ እኔን ሳይሆን እንጨቴን ነው የሚወዱት» አለኝ። ብርድና እርጅና አስመርሮት ነው ብዬ አለፍኩት።

ዓርብ። በጠዋቱ ማርጋሬት ደወለች። ኮሚቴው ሁሉንም የሚያከብር መፍትሔ አግኝቷል፤ የአባትሽ ስም ነገ ይለጠፋል አለችኝ። እዚያው ኩሽና ውስጥ እልል አልኩ፤ ሩት ከክፍል ሮጣ ወጣች። ለእናቴ በወንድሜ ስልክ ደወልኩላት። ስሙ ሊጻፍ ነው አልኳት። ከዚያ ስልኩን ጥላው ወጣች፤ ወንድሜ እንዳለኝ ወደ ጎረቤት ነው የሮጠችው። በዚያ ዕድሜዋ ስትሮጥ አይቷት አያውቅም። ማታ መንደሩ ሁሉ እቤታችን የአገራችንን የእህል ጠላ፣ ጨቃ፣ ጠጣ። ዮሐንስ ይህን ሲሰማ «ነገ እኔም እገባለሁ» አለ።

ቅዳሜ። ሰው ሞልቶ ነበር። ማርጋሬት ክንዴን ይዛ ወደ ትንሿ ክፍል ወሰደችኝ፤ ዮሐንስ ከኋላችን። አዲሱ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ፊደሉ ትልቅ ነው።

«ኦርካይዶ ኩሲያ፣ ቀራጺ። ኮንሶ፣ ኢትዮጵያ። የጀግና መታሰቢያ። ጥድና አጥንት። ከግል ስብስብ» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። እንግሊዝኛ አስተምሬ አውቃለሁ፤ የተሳሳትኩት ግን እኔ እንድሆን ተመኘሁ።

«አባቴ ቀራጺ አልነበረም» አልኳት። «የሠራው ገለቦ ነው። ሐሙስ ዕለት ነግሬሻለሁ፤ ጽፈሽዋል።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። «ኮሚቴው የሟቾችን ስም ያለመጻፍ ደንቡን መሻር አልፈለገም። የሠሪዎችን ስም ግን እንጽፋለን። ስለዚህ በዚያ በኩል አስገባንልሽ። የገለቦን ብንጽፍ የአባትሽ አይኖርም ነበር፤ ላንቺ ይሄ ይሻላል ብለን ነው።»

አባቴ ዶማ እጀታ መግጠም የማይችል ሰው ነበር። እናቴ ለዶማም ለመጥረቢያም ገለቦን ነው የምትጠራው፤ ገለቦ እየሳቀበት ይገጥምለታል። ይህን ለማርጋሬት እየነገርኳት ሳለ አንድ ጥሩ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ በከዘራ መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ባለንብረቱ ናቸው።

«የአባትሽ ሥራ ቤቴ ከደረጃው ግርጌ ነው የሚቆመው» አሉኝ። «በየቀኑ እያየሁት ነው የኖርኩት። ድንቅ እጅ ነበራቸው። አሁን ስማቸውን በማወቄ ኮርቻለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀራጺ ከሆነ የሞተ ሰው የለም። የሞተ ሰው ከሌለ መቃብር የለም፤ መቃብር ከሌለ የተነቀለ ነገር የለም፤ ሌባም የለም። አንድ ኦርካይዶ የሚባል እጁ የተባረከ ሰው እንጨት ጠርቦ ሰጥቷቸዋል። ስርቆቱን አባቴ በገዛ ስሙ ፈረመላቸው። ስሙን ለምኜ፣ ፊደል በፊደል አስጽፌ ያቀበልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዮሐንስ ከኋላዬ ወጣ። ወደ ምስሉ ጠጋ አለና በኮንሶኛ፣ በእርሻ ዳር እንደሚባለው፣ «ይሄ ኦርካይዶ ነው፤ ነብር የገደለው» አለ። ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ዘበኛው መጥቶ ትንሽ ዝቅ እንዲያደርግለት በትሕትና ጠየቀው።

በውይይቱ ላይ ማይክሮፎኑን ስይዝ ሁሉንም ተናገርኩ። አባቴ አልቀረጸም፤ ነብር ነው የገደለው፤ የቀረጸው ገለቦ ነው፤ ይህ የመቃብር ምስል ነው፤ ከመቃብሩ ተሰርቋል። ሌስሊ አጠገቤ ሆኖ «ይህች ሴት የምትለውን ስሙ» አለ። ሰዎቹ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። ከኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ኢንተረስቲንግ» ስትል ሰማኋት። አጨበጨቡልኝ፤ ረጅም ጭብጨባ ነበር። ከዚያ ማርጋሬት ጽሑፉን የማስተካከሉን ጉዳይ እንደምታነሳው ነገረችኝ፤ ነገር ግን ኤግዚቢሽኑ ነገ ይዘጋል፣ ምስሉ ወደ ባለንብረቱ ቤት ይመለሳል፣ ለአንድ ቀን ተብሎ አዲስ አይታተምም። ሽማግሌው አዲሷን ጽሑፍ ከምስሉ ጋር ሊወስዷት ጠይቀዋል።

እሑድ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኙኝ። ሰላማዊት «ካፖርቱን እመልሳለሁ ካልሽ እንጣላለን» ብላኝ ለብሼው ሄድኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብላ ጠራችኝ። ዮሐንስ ሻንጣዬን ሲያወርድ «ለአክስቴ ምን ትያታለሽ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። በአውሮፕላኑም፣ በአዲስ አበባም፣ በሚኒባሱም አላወቅሁም።

ካራት ስደርስ እናቴ መንገድ ዳር ቆማለች። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ሻንጣዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

«ስሙ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«በትልቁ ነው?»

«በትልቁ። ከላይ።»

«ነብሩንስ ጽፈውለታል?»

«ጽፈውለታል» አልኳት።

እጄን ይዛ ወደ እርሻው ወሰደችኝ። ከሁለቱ የእንጨት ሴቶች መካከል፣ ከባዶው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ የሞተችውን ጣውንቷን በስሟ ጠራቻትና «ሰዎቹ አውቀውታል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በመጣ ቁጥር እየጠራችኝ እንደገና ታስወራኛለች፤ እኔም አወራለሁ፤ ነብሩን እጨምራለሁ፣ አሁን አሁንማ ጦሩንም ጨምሬዋለሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ አማርኛም አትሰማም። ይህን ማስታወሻ ግን በኮንሶኛ ብጽፈው ከሠፈሩ አንዱ አንብቦ ያሰማት ነበር። በአማርኛ የጻፍኩት ለዚህ ነው።